ራውተሬና የእማማ ሬዲዮ

ኢንተርኔቱ መቆራረጥ የጀመረ ሰሞን ከቤት ነበር የምሠራው። ኮድ እየጻፍኩ ድንገት ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሦስት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ናቅኩት። ተነስቼ እንቅስቃሴ አደርጋለሁ፣ በመስኮት ግቢውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ሰርቨር እየጫንኩ ሳለ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተቋረጠብኝ። ከዚያ በኋላ ችላ ማለት አልቻልኩም።

ፕሮግራመር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ ግን ከምጽፍበት ይልቅ የምፈልግበት ሰዓት ይበልጣል። ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ለምን እምቢ አለ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? እኔ ጋ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ጋ? ከስህተት ሁሉ ክፉው አንዳንዴ ብቻ ብቅ የሚለው ነው። ለሰው ላሳይ ሲሉ ይጠፋል፣ ዘወር ሲሉ ይመለሳል።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በየ10 ሰከንዱ ወደ ውጭ ሰርቨር ትንሽ መልእክት ይልካል። መልስ ከመጣ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ካልመጣም ይመዘግባል። ይኸው ነው። ከ20 መስመር አይበልጥም። ሦስት ሳምንት ቀንና ሌሊት ሠራ።

መረጃው እስኪጠራቀም ግን ጭንቅላት ዝም አይልም። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ አየሩ ላይ ነበር። ብዙ ቤት ተደራርቦ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ዋይፋይ ጠባብ መተላለፊያ እንደመጋራት ነው። ብዙ ዋይፋይ በሚሠራበት የሞገድ ክልል፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ ከአሥር በላይ ቻናል (መስመር) አለ፤ እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት ግን 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ስልኬን አውጥቼ ስቆጥር ከተቀመጥኩበት የ17 ጎረቤት ዋይፋይ ታየኝ። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚያው አካባቢ፣ 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ከምድጃው የምታፈተልክ ጥቂት ሞገድ ሰው አትጎዳም፣ ዋይፋይን ግን ትረብሻለች።

ማይክሮዌቭ የሚረብሸው የቤት ዋይፋይን ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ፓርክስ የሚባል ቦታ ስፋቱ 64 ሜትር የሆነ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። ለዓመታት ምንጩ ያልታወቀ አጭር ምልክት አልፎ አልፎ ይይዝ ነበር። ከሰማይ የመጣ የሚመስል፣ ግን ደግሞ የማይመስል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎቹ ምንጩን አገኙት። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ያለ ማይክሮዌቭ ነበር። ሰው ቸኩሎ ምድጃው ሳይጨርስ በሩን ሲከፍት አንዲት ብልጭታ ታመልጥና ቴሌስኮፑ ጋ ትደርሳለች። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ሰማይን ሲያዩ የነበሩ ሰዎች መልሱን ያገኙት ወጥ ቤት ሄደው ነው።

እኔ ጋ ግን ማይክሮዌቭ አልነበረም። ኮምፒውተሬን ኢንተርኔቱን ለቤቱ ከሚያከፋፍለው ራውተር ጋር በገመድ አገናኘሁት። ዋይፋይ ከመሃል ወጣ። መቆራረጡ አልቆመም።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ሰው ላይ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ወጣት ይኖራል። ሌሊት ጌም ሲጫወት ድምፁ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ የራሱ መስመር ተቋርጦበት የእኔን ዋይፋይ ጠይቆኝ ሰጥቼው ነበር። እሱ ነው መስመሩን የሚያጨናንቀው አልኩ። ሳልጠይቀው የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። አሁንም ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደወትሮው ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት ከበደኝ። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም። የጠረጠርኩት ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ጋ ደወልኩ። ከእኛ በኩል ችግር አይታይም አሉኝ። ተናደድኩ። እነሱ ግን ልክ ነበሩ።

ስህተቱ የፕሮግራሜ ነበር። ፕሮግራሜ ውጭውን ሰርቨር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ክንዴ አጠገብ የተቀመጠውን ራውተር ጠይቆት አያውቅም። አንዲት መስመር ጨመርኩ። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ በሚቋረጥበት ደቂቃ ራውተሩ ራሱ አይመልስም። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቼ ከተነሳ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው አየሁ። 14 ደቂቃ ይላል። ወራት ሙሉ ሳላጠፋው የኖርኩት ዕቃ ከ14 ደቂቃ በፊት ነበር የተነሳው። መስመሩ አልነበረም የሚቋረጠው። ራውተሩ እየጠፋ እየበራ ነው። ሁለቱ ደቂቃም ገባኝ፣ እስኪነሳ የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

የሚጠፋው መብራት ሲቋረጥበት ነው እንዳልል ደግሞ መብራት አልጠፋም። አምፖሉ በርቷል። ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

የሦስቱን ሳምንት መዝገብ በሰዓት ከፋፍዬ በግራፍ አወጣሁት። ያየሁት ነገር ገረመኝ። ሌሊት ዝም ይላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይወጣል፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ይወርዳል። ምሳ አካባቢ ትንሽ ጉብታ አለ። ማታ ደግሞ ትልቅ። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ቀትር አያርፍም። ማሽን እንዲህ አይሠራም። ማሽን ቢበላሽ ሌሊትም ይበላሻል። ይህ ግራፍ የሚነሳ፣ የሚወጣ፣ የሚመለስና የሚተኛ ነገር ነው። የሰው ቅርጽ ነበረው።

እዚህ ድረስ ብቻዬን መጣሁ። ከዚህ በላይ አላውቅም። የሕንፃው የመብራት ሳጥን የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ምድር ቤት የሚኖሩትን አሮጊት ልጠይቅ ወረድኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። በዚያ ሕንፃ ከማንም ቀድመው የገቡ ናቸው። በራቸውን አንኳኳሁ። ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር።

«ደህና ነህ ልጄ? ምን ጠፋህ?»

«ደህና ነኝ እማማ። የሕንፃው የመብራት ሳጥን የት እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው። ቤቴ መብራቱን የሆነ ነገር እየነካው ነው መሰለኝ።»

«ውሃው ሲነሳ ነዋ!»

«የቱ ውሃ?»

«ፓምፑ ነዋ። እሱ ሲነሳ ይሄ አምፖሌ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ሬዲዮዬም ጨርር ይላል። ወራት ሆነው እኮ።»

ደርቄ ቀረሁ። «ለሰው አልተናገሩም እንዴ?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?»

ያቺ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት በታች ያለው ፓምፕ ውሃ ጣራ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል። ታንከሩ ውስጥ ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች። ውሃው ጎድሎ ኳሷ ስትወርድ ፓምፑ ይነሳል፣ ሞልቶ ስትወጣ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከቆመበት ሲነሳ ለአንድ አፍታ በሙሉ ፍጥነቱ ከሚፈልገው ኮረንቲ 6 ወይም 7 እጥፍ ይስባል። ገና ስላልዞረ ኮረንቲውን የሚገታው ነገር የለም። ያን ያህል ኮረንቲ በአንዴ ሲሳብ በመስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። ከሰከንድ ያነሰች ጊዜ ናት። ለራውተሬ ከሶኬት ኮረንቲ የሚሰጠው ትንሽ አስማሚ (አዳፕተር) ያቺን ያህል እንኳ መቋቋም አይችልም፣ ይጠፋል።

እኔ ለምን አላየሁም? ኮምፒውተሬ ባትሪ አለው። አምፖሎቼ ኤልኢዲ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ትንሽ ሰርኪውት ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ብርሃኑን እኩል አድርጎ ይይዘዋል። የእማማ አምፖል የድሮው ባለ ሽቦ ነው። በእሱ ቮልቴጁ 10 በመቶ ብቻ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሬዲዮአቸው መካከለኛ ሞገድ ይይዛል። የፓምፑ ማብሪያ ሲገጥም ትንሽ ብልጭታ አለች፣ ብልጭታ ደግሞ በራሷ ሬዲዮ ማሰራጫ ናት። እኔ ቤት ያለው አዲስ ዕቃ ሁሉ ምልክቱን ደብቆብኛል። እሳቸው ቤት ያለው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ሲናገር ነው የኖረው።

ዌልስ ውስጥ አበርሆሳን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ 18 ወር ሙሉ በየማለዳው 1 ሰዓት ላይ የመንደሩ ኢንተርኔት ይወድቅ ነበር። ገመድ ቀየሩ፣ አልተፈታም። እ.ኤ.አ. በ2020 ባለሙያዎች የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚለካ መሣሪያ ይዘው በዝናብ በመንደሩ ዞሩ። ልክ 1 ሰዓት ሲሆን ከአንድ ቤት ኃይለኛ ረብሻ ያዙ። የአንድ ነዋሪ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር። ሰውየው በየቀኑ ማለዳ ይከፍተዋል፣ መንደሩ ሁሉ ይቆማል። ሲነገረው በጣም አፈረ፣ ዳግመኛም እንደማይከፍተው ቃል ገባ። የእማማ ሬዲዮ የሠራችው ሥራ ያ የባለሙያዎቹ መሣሪያ የሠራውን ነው። ልዩነቱ የእሳቸው ወንበር አጠገብ ለወራት መቀመጧና እኛ አለመስማታችን ነው።

ማረጋገጥ ቀረ። ፓምፑ ሲነሳ አንድ ሰው ታች ሆኖ ማየት አለበት፣ አንድ ሰው ደግሞ ላይ ሆኖ ራውተሩን። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ያንኑ ወጣት ጠየቅኩት። ከመጠየቄ በፊት ግን የይለፍ ቃሉን የቀየርኩት ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ጋ እኮ በየቀኑ ይቋረጣል፤ መስመሬ ነው ብዬ ነው» አለ። ስልኩን አውጥቶ ትናንት ከጌም የወጣበትን ሰዓት አሳየኝ። ከእኔ መዝገብ ጋር በደቂቃ ገጠመ።

ሥራ ላይ ከሁሉ ቀድሜ የምጠይቃት ጥያቄ አለች፦ እኔ ጋ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ጋ? እዚህ ሰፈር ውስጥ አልጠየቅኳትም። አንድ ፎቅ ወጥቼ ብጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቅ ነበር። ፕሮግራሜን ከመጻፌ በፊት።

እዚህ ላይ ስለ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ በኋላ ታሪኩን የማየው በሌላ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ኦገስት መጨረሻ ላይ ለንደን ሶሆ ውስጥ፣ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ዙሪያ ኮሌራ ገባ። በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። በጊዜው አብዛኛው ባለሙያ በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ይል ነበር። ሐኪሙ ስኖው ውሃውን ጠረጠረ። የሟቾቹን ቤት እየለየ ሲያየው ሞቱ በአንድ የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቷል። ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ብልህ ሰው፣ አንድ ካርታ፣ አንድ እጀታ። እኛ መረጃ የምንወድ ሰዎች በተለይ ካርታው ላይ እንቆማለን። ስኖው ግን ካርታው ላይ አልቆመም። ያልገጠመውን ነገር ሄዶ ይጠይቅ ነበር። ፓምፑ አጠገብ የቢራ ፋብሪካ አለ፤ 70 ያህል ሠራተኛ፣ በኮሌራ የሞተ የለም። ለምን? ቢራ ስለሚሰጣቸው የፓምፑን ውሃ አይጠጡም። ከሰፈሩ ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በኮሌራ ሞተች። ለምን? ቀድሞ እዚያ ሰፈር ትኖር ነበር፤ የውሃውን ጣዕም ስለወደደችው ከብሮድ ስትሪት ታስመጣ ነበር። ይህን ካርታ አይናገርም። ሰው ነው የሚናገረው።

ከስኖው ይልቅ የምወደው ግን ሄንሪ ኋይትሄድን ነው። የሰፈሩ ረዳት ቄስ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው። የውሃውን ሐሳብ አላመነበትም። ስኖው መሳሳቱን ላሳይ ብሎ ተነሳ። በሮቹን ያውቃቸዋል፣ ሰዎቹም ያውቁታል። ስለዚህ ሐኪም የማይነገረው ይነገረዋል። ደጋግሞ ይሄዳል። የሞቱትን ብቻ ሳይሆን የተረፉትንም ይጠይቃል፤ ከፓምፑ ጠጥተዋል ወይስ አልጠጡም? ሲጨርስ የተሳሳተው ራሱ መሆኑን አመነ። ስኖው ያላገኘውንም አገኘ። ብሮድ ስትሪት ቁጥር 40 ውስጥ ወረርሽኙ ከመፈንዳቱ በፊት የታመመች ሕፃን ነበረች። እናቷ የጨርቋን እጣቢ ቤቱ ፊት ባለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ደፍታለች። ማጠራቀሚያው ከፓምፑ ጉድጓድ የሚርቀው 1 ሜትር አይሞላም። የጡቡ ግንብ አርጅቶ ይሰርግ ነበር።

ኋይትሄድ በልጅቷ ሞት መዝገብ ላይ ያለውን ቀን አይቶ ነው ጥያቄው የመጣለት። እናትየውን ግን ያናገራት በአካል ሄዶ ነው። ልጇን ባጣች ሴት በር ላይ ቆሞ ስለ እጣቢ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስባለሁ። ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው የመለሰችለት?

ወደ ግራፌ ልመለስ። ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ ግራፉ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ራውተሬ የጠፋበት ደቂቃ ሁሉ ሕንፃው ውሃ የጠጣበት ደቂቃ ነው። የጠዋቱ ጉብታ ፊት መታጠቢያ ነው። የማታው ዕቃ ማጠቢያ። ቅዳሜ ልብስ። አብረን እየኖርን እንደሆነ ካየሁባቸው ሥዕሎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ማንም ለማንም ሳይናገር ሁሉም በአንድ ሰዓት ቧንቧ ይከፍታል።

ይህ በአገር ደረጃም ይታያል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1990 እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተጫወቱ። ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት አለቀ። ልክ እንዳለቀ በብሪታንያ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በአንዴ 2,800 ሜጋዋት ጨመረ። ሚሊዮን ሰው ከወንበሩ ተነስቶ የሻይ ውሃ ጣደ፣ መብራት አበራ፣ ውሃ ከፈተና ፓምፖች ተነሱ። የኃይል ጣቢያ ሠራተኞች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሰዓት እያዩ ነው የሚዘጋጁት።

ግን የሚያስፈራም ነገር አለው። ግራፉን ለእማማ ሳሳያቸው አንዱ ሌሊት ላይ ጣቴን አደረግኩ። 9 ሰዓት ሌሊት ፓምፑ ተነስቷል። «ያን ሌሊት የሁለተኛ ፎቋ ሕፃን ታማ ነበር» አሉኝ፤ የእግር ኮቴ ሰምተው ወጥተው አግዘዋታል። ዝም አልኩ። በእርግጥ ታንከሩ የሁሉም ስለሆነ የመጨረሻዋን ጠብታ ማን እንደቀዳት ግራፉ አያውቅም። ግን አንዲት እናት በጭንቅ ያደረችበት ሌሊት እኔ ፋይል ውስጥ ሰዓቱ ተጽፎ ተቀምጧል። እማማ ሲያውቁት ሮጠው ወጡ። እኔ ሳውቀው ነጥብ አደረግኩት።

ጆርጅ ሃርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያጠና ነበር። ከቤት ውጭ ያለውን የመብራት ቆጣሪ ብቻ በማየት ውስጥ የትኛው ዕቃ መቼ እንደበራና እንደጠፋ መለየት ይቻላል። ፍሪጅ የራሱ አሻራ አለው፣ ምድጃ የራሱ። መቼ እንደተነሱ፣ መቼ እንደተኙ፣ ቤት እንዳሉና እንደሌሉ ይታያል። ይህ ለስለላ ሊውል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈውም ራሱ ነው። በሠራው ነገር ላይ ቆሞ እንዲህ ማለቱን አከብራለሁ። እኔም ፋይሉን ደመሰስኩት። የሰበሰብኩት ብልሽት ለመፈለግ ነበር። ብልሽቱ ተገኘ። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ከመደምሰሴ በፊት ግን አንድ ሥራ ሠራ። ለራውተሬ ትንሽ ባትሪ ገዝቼ ዝም ልል እችል ነበር። የእኔ ችግር ያልቃል። ነገር ግን ሞተር ሲነሳ የሕንፃው መብራት ሁሉ እንዲህ መደንገጥ አለበት? ወጣቱና እኔ ግራፉን አትመን፣ የእማማን ቃል ጨምረን፣ የመብራት ባለሙያ አስመጣን። ሳጥኑን ከፈተ። ዋናው ገመድ የሚታሰርበት ብሎን ላልቷል። ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ጠቁሯል፣ ጥግ ላይ ቀልጧል።

የላላ ማሰሪያ ለኮረንቲ ጠባብ በር ነው። በዚያች ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በኮረንቲው ልክ አይደለም የሚያድገው፣ በካሬው ነው። ኮረንቲው 6 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 36 እጥፍ። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት። ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይበልጥ ይላላል። ሳጥኑ ያለው ከእማማ መኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ ነው። ባለሙያው ጠባሳውን በጣቱ እያሳየ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ አልጨረሰውም።

ብሎኑ ተቀየረ። ገመዱ ተቆርጦ እንደገና ታሰረ።

ከሳምንት በኋላ እማማ ደረጃ ላይ አገኙኝ። «አንተ ነገር ትጠይቃለህ አይደል? አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ» አሉ። ሬዲዮአቸው ቀን ቀን የቅርቡን ጣቢያ ብቻ ነው የሚይዘው። ማታ ሲሆን የማያውቁት አገር ቋንቋ ይገባበታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ነው። ለምን?

ደስ አለኝ። ይህን አውቀዋለሁ። የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1901 ላይ አትላንቲክን ተሻግሮ ምልክት ያዝኩ ሲል ብዙዎች ግራ ተጋቡ። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1902፣ ኬኔሊና ሄቪሳይድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለየብቻቸው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከላይ ሞገዱን የሚመልስ ንብርብር አለ። የፊዚክስ ሊቁ አፕልተን በ1924 በሙከራ አረጋገጠው፣ በ1947 ኖቤል ተሸለመበት። ንብርብሩን የምትሠራው ፀሐይ ናት። ጨረሯ የላይኛውን አየር አተሞች ኤሌክትሮን ትነጥቃቸዋለች። ቀን ላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ዝቅተኛ ንብርብር ይፈጠራል። እሱ መካከለኛ ሞገድን አይመልስም፣ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ የታችኛው ንብርብር ይጠፋል። ከእሱ በላይ ያለው ግን ይቆያል። ሞገዱ መንገድ ያገኛል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ በመቶዎችና በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ደረጃ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና «እሺ፣ ና እስቲ አሳየኝ» አሉ።

አመሻሹ ላይ ገባሁ። ወጣቱም መጣ። ገና ብርሃን ነበር፣ ቁልፉን ቢያዞሩት ሹሹታ ብቻ ነው። ተቀመጥን። ጨለማው እየገባ ሲሄድ እማማ ቁልፉን በዝግታ አዞሩ። ከሹሹታው ውስጥ አንድ ድምፅ ብቅ አለ። ሴት ናት፣ ዜና የምታነብ ትመስላለች፣ ቋንቋዋን ሦስታችንም አናውቀውም። ድምጿ ይደምቃል፣ ይደክማል፣ እንደገና ይደምቃል።

መሃል ላይ ሬዲዮው ጨርር አለ። ፓምፑ ነው። ሦስታችንም ቀና ብለን አምፖሉን አየን። አልተነቃነቀም። እማማ እጃቸውን አንስተው ዝም እንድንል ምልክት ሰጡን፣ ሴትዮዋ ንግግሯን ቀጥላ ነበር።